ጀሪካን ተራ ይይዛል፣ ቧንቧ አይዘጋም፦ ስለ ስፖርት ቤት ጨዋነት



ውሃ ጠፍቶ በመጣ ማግስት፣ በአርባ ምንጭ ሰፈሮች፣ በሲቀላም ሆነ በሴቻ፣ ቦኖ ፊት የተሰለፈውን ቢጫ ጀሪካን ልብ ብላችሁ እዩት። ሰዉ ጥላ ፈልጎ ተቀምጧል፤ ሰልፉን የያዘው ጀሪካኑ ነው። ባዶ ፕላስቲክ ቢሆንም ከጀርባው ሰው እንዳለ ይታወቃልና ማንም አንስቶ ወደ ኋላ አይወረውረውም። ነገር ግን ተራው ደርሶ ባለቤቱ ካልቀረበ ቧንቧው ተዘግቶ አይጠበቅም። ወይ ጎረቤት ይቀዳለታል፣ ወይ ቀጣዩ ቀድቶ ያልፋል። ጀሪካን ተራ ይይዛል እንጂ ቧንቧ አይዘጋም። አርባ ምንጭ ከስሟ ጀምሮ የውሃ ከተማ ናት፤ የምትጠጣውም በነጭ ሳር ፓርክ ጥግ ካለው ደን ሥር ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። ያም ሆኖ ብዙ ሰው በአንድ ቧንቧ ሲገናኝ ምን ማድረግ እንዳለበት ሕዝቡ ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። የዛሬው ንግግሬ ጉዳይ ይህ ዕውቀት የስፖርት ቤት ደጃፍ ላይ ለምን እንደሚቀር ነው። እኔ የምለው፣ በስፖርት ቤት ውስጥ ጨዋነት የምንለው ነገር ከመልካም ጠባይ ጌጥነት ያለፈ ነው፤ ጥቂት ዕቃ ለብዙ ሰው የሚዳረስበት አሠራር ነው። እሱ ከሌለ ውድ መሣሪያ ያለውም ቤት ደረቅ ቦኖ ነው።

ነገሩን በሂሳብ እንየው። ብረት የሚያነሳ ሰው በአንድ ዙር አሥር ጊዜ ቢያነሳ ሥራው የሚፈጅበት ወደ 40 ሴኮንድ ነው። ከዚያ ጡንቻው እንዲያገግም ሁለት ደቂቃ ያህል ያርፋል። አራት ዙር ቢሠራ፣ አግዳሚው ላይ ከሚያሳልፈው ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ብረቱ የሚንቀሳቀሰው ሦስት ደቂቃ እንኳ ለማይሞላ ጊዜ ነው። ቀሪው ዕረፍት ነው። ዕረፍቱ አስፈላጊ መሆኑን አልክድም፤ ያለ እሱ ሥራው ፍሬ የለውም። ዕረፍት የሚያስፈልገው ግን ሰውዬው ነው፤ ብረቱ አይደክመውም። ሦስት ሰዎች በአንድ አግዳሚ ተራ በተራ ቢሠሩ አሥራ ሁለቱ ዙር 8 ደቂቃ ይወስዳል፤ ክብደት ለመቀያየሪያ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጨምሩበት። ሦስቱም የሚገባቸውን ዕረፍት አግኝተው፣ አንዱ ብቻውን ይዞት ሊቆይ ከነበረው ጊዜ እምብዛም ሳይርቁ ይጨርሳሉ። ፎጣውንና ስልኩን አግዳሚው ላይ አስቀምጦ ጥግ ላይ ከጓደኛው ጋር የሚጨዋወተው ሰው ግን ተራ ያስያዘ ይመስለዋል እንጂ ቧንቧ ዘግቷል። መፍትሔው ሁለት ቃል ነው። ጠያቂው «ወንድም፣ ስንት ዙር ቀረህ? ተራ በተራ እንሥራ?» ይላል፤ ያዡ «ና ግባ» ይላል። በዕድሜ ለሚበልጥ ሰው ደግሞ «ጋሼ፣ አብሬዎት ልሥራ?» ይባላል። ይህን ለማለት የሚያስፈልግ ገንዘብም ሕንፃም የለም።

በዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ «ከፍያለሁ» የሚለው ነው። የወር ክፍያውን የከፈለ ሰው በከፈለበት ዕቃ እንዳሻው መቀመጥ መብቱ ነው ይባላል። ክርክሩ ቀላል ስላልሆነ በቁም ነገር መመለስ አለበት፤ በዚህ ኑሮ ከወር ገቢው ቀንሶ ለጤናው የሚከፍል ሰው ክፍያው ዋጋ እንዲኖረው መሻቱ ትክክል ነው። ጥያቄው የገዛው ነገር ምንድን ነው የሚለው ነው። የከተማችን ሰው ይህን ከባጃጅ የተሻለ ምሳሌ አያሻውም። የአንድ ሰው ሒሳብ ከፍሎ የተሳፈረ ሰው የተቀመጠበት ቦታ የእሱ ነው፤ ማንም አያስነሳውም። ቦርሳውን አጠገቡ ዘርግቶ ሌላ ሰው አይግባ ካለ ግን ሾፌሩ «ኮንትራት ነው የያዝከው?» ብሎ ይጠይቀዋል። የስፖርት ቤት የወር ክፍያም የኮንትራት ዋጋ አይደለም። ቤቱን ሙሉ ለብቻው የያዘ ማንም የለም፤ ክፍያው ያን ያህል የቀለለውም ሌሎች አብረው ስለሚከፍሉ ነው። እንግዲህ «ከፍያለሁ» የሚለው ቃል የሚከራከረው ተራ ለሚጠብቀውም ጭምር ነው፤ እሱም ከፍሏልና። በተከፈለ ክፍያ ሁለቱ እኩል ከሆኑ፣ የሚለያቸው ነገር ማን ቀድሞ መጣ፣ ማንስ በእውነት እየሠራ ነው የሚለው ብቻ ይሆናል። ያ ደግሞ የጀሪካኑ ሕግ ነው።

አሁን ወደ አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር ልቅረብ፤ በእኔ አስተያየት ከሁሉም ከባዱ እሱ ነው። ሥራውን ጨርሶ የጫነውን ክብደት ሳያወርድ የሚሄድ ሰው አለ። ደረጃውን የጠበቀው ረጅሙ የብረት ዘንግ ራሱ ብቻውን 20 ኪሎ ይመዝናል። በየጎኑ ሁለት ሁለት የ20 ኪሎ ክብ ብረት ሲጨመርበት መቶ ኪሎ ነው። ለጫነው ጎረምሳ ያ የኩራት ቁጥር ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ግን ሐኪም «እንቅስቃሴ አድርጊ» ብሎ የላካት የሃምሳ ዓመት እናት፣ ወይም ትናንት የተመዘገበ ተማሪ ሊሆን ይችላል። ይህ ሰው የራሱን ቀላል ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሌላውን ከባድ ሥራ ማፍረስ አለበት። ልምድ የሌለው ሰው ደግሞ የአንዱን ጎን ብረት በሙሉ አውጥቶ ወደ ሌላው ጎን መዞር ይቀናዋል። ዘንጉ መስቀያው ላይ እንደ ሚዛን ነው የተቀመጠው፤ አንዱ ወገን ባዶ ሲሆን የከበደው ወገን ቁልቁል ይወርድና ባዶው ጫፍ ወደ ላይ ይፈነጠራል። አጠገቡ የቆመውን ሰው ፊት ይመታል፤ የሚንሸራተተው ብረት ደግሞ እግር ላይ ያርፋል። ትክክለኛው አወራረድ አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ እያፈራረቁ ነው፤ ይህን የሚያውቀው ደግሞ የጫነው ሰው ነው። ብረት ጭኖ መሄድ እንግዲህ ስንፍና ብቻ አይደለም። የሚያውቅ ሰው አደጋውን ለማያውቅ ሰው ትቶለት መሄዱ ነው።

ስለ ላብ ብዙ አልናገርም። አርባ ምንጭ ቆላ ናት፤ ከደጋው ከጨንቻ ብርድ ወደዚህ የወረደ ሰው ገና ብረት ሳይነካ ያልበዋል። በአግዳሚው ቆዳ ላይ የቀረ ላብ ከማስጠላቱ ሌላ መዘዝም አለው፤ ጭርትና አንዳንድ የቆዳ ቁስለት አምጪ ተሕዋስያን ከገላ ወደ ገላ፣ በጋራ ፎጣና በጋራ ዕቃም ይተላለፋሉ። ስለዚህ በገላና በአግዳሚ መካከል ፎጣ ማንጠፍ፣ ሲነሱ መጥረግ፣ ቁስል ካለ መሸፈን የሕክምና ምክር ነው። «ለዚህ የተቀጠረ ጽዳት ሠራተኛ አለ» የሚል ሰው፣ ጽዳት ሠራተኛዋ በየዘጠኝ ደቂቃው በየአግዳሚው ልትደርስ እንደማትችል ያውቃል። እሷ የምታጸዳው ቤቱን ነው፤ የራስ ላብ የራስ ነው።

እዚህ ላይ ትልቁ ጥያቄ ይመጣል፦ ይህን ሁሉ ማን ያስከብራል? ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ደንብ የሚነበበው በተለጠፈበት ሳምንት ነው። አሰልጣኙም አንድ ነው፤ ደንበኛ እንዳይቀየምም ይሰጋል። ያለ ፖሊስ የሚከበር ደንብ እንዴት እንደሚኖር ለማወቅ ግን የጋሞ ምድር ሩቅ አያስኬድም። በጋሞ ደጋ ዱቡሻ የሚባለው አደባባይ የማንም የግል መሬት አይደለም፤ ሕዝቡ ተሰብስቦ የሚመክርበት፣ የሚዳኝበት፣ የሚታረቅበት ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል። ደንቡን የሚጠብቀው ጎሜ የሚባለው እምነት ነው፤ ነውር የሠራ፣ የዋሸ፣ የሰው ሐቅ የያዘ ሰው መዘዙ ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለቤተሰቡና ለአገሩም ይተርፋል የሚል። የዚህን አስተሳሰብ ሃይማኖታዊ ገጽ ማንም እንደየእምነቱ ሊያየው ይችላል። እኔ የምይዘው በውስጡ ያለውን ማኅበራዊ ፍርድ ነው፦ በጋራ ቦታ ላይ የሚፈጸም ጥፋት የአንድ ሰው ጥፋት ሆኖ አይቀርም።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. የሆነውን ታስታውሳላችሁ። በቡራዩና አካባቢው በጋሞና በሌሎች ተወላጆች ላይ የደረሰው ግድያና መፈናቀል ሲሰማ የአርባ ምንጭ ወጣት በቁጣ ወጣ። ቁጣው ወደ በቀል ሊዞር ሲል የጋሞ አባቶች የዕርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሳር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ጉልበቱ በወጣቶቹ ዘንድ ነበር፤ በሽማግሌዎቹ እጅ የነበረው ሳር ብቻ ነው። ወጣቶቹ ቆሙ፤ ተመለሱም። «ይህን ታላቅ ነገር ከዳምቤል ጋር አንድ ላይ ማንሳት ማሳነስ ነው» የሚለኝ ይኖራል። ተቃውሞው ይገባኛል፤ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ከአግዳሚ ተራ ጋር አይመዘንም። ነገር ግን ሳሩ በዚያች ሰዓት ምን ኃይል ነበረው? ወጣቶቹ ትርጉሙን በዚያች ሰዓት ቢማሩት ኖሮ ምንም ኃይል አይኖረውም ነበር። ከልጅነታቸው ጀምሮ በየመንደሩ ጠብ፣ በየድንበሩ ክርክር፣ በየዕርቁ ሲያዩት አድገዋል። ጉልበትን በምልክት ፊት ማቆም በትንንሹ ጉዳይ የሚለመድ ነገር ነው፤ በትንሹ ያልለመደው ሰው በትልቁ ቀን ከየት ያመጣዋል? ስፖርት ቤት ደግሞ ጉልበት ሆን ተብሎ የሚገነባበት ቤት ነው። በከተማዋ ውስጥ ጉልበትን መግታት አብሮ ሊለመድበት የሚገባ ቤት ቢኖር እሱ ነው።

ከባህል መማር ሲባል ግን ጉድለቱንም ማየት ያስፈልጋል፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ንግግሬ ሐቀኛ አይሆንም። ዱቡሻ ለሁሉም እኩል ክፍት አልነበረም። ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ከጉባኤው ተገልለው ኖረዋል፤ የሴቶች ድምፅም እንደ ወንዶቹ አልተሰማበትም። ይህ የጋሞ ብቻ ነውር አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ጳውሎስና ሲላስ የሰበኩባት ሆና የምናነባት የመቄዶንያዋ ቤርያ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት የስፖርት ቤቷን ሕግ በድንጋይ አስቀርጻ ነበር፤ ድንጋዩ ተገኝቷል። ኃላፊውን የሚሳደብ ይቀጣል ይላል፤ ሰካራም አይግባ ይላል። እዚህ ድረስ መልካም ነው። ቀጥሎ ግን ባሪያ አይግባ፣ ነፃ የወጣም አይግባ፣ በገበያ ሙያ የሚተዳደርም አይግባ ይላል። በሁለት የተራራቁ አገሮች ሥርዓቱ የተዋበው ለገቡት ብቻ ነበር፤ በሩ ላይ የቀረውን አልቆጠረም። እኛ ከአባቶች ዱቡሻ ደንቡን እንውሰድ፣ ክቡን ግን እናስፋው። የስፖርት ቤት ጨዋነት የሚመዘነው አንጋፎቹ እርስ በርስ እንዴት እንደሚከባበሩ በማየት አይደለም፤ እነሱማ ይዋደዳሉ። የሚመዘነው ዛሬ የመጀመሪያ ቀኗ የሆነችው ሴት ነገ ተመልሳ መምጣት አለመምጣቷ ላይ ነው።

ይህ ደግሞ የጤና ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ ከዚያም በተጨማሪ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠራ ይመክራል። ድርጅቱና ባልደረቦቹ በኋላ ባወጡት ጥናት በ2022 እ.ኤ.አ. ከዓለም አዋቂዎች 31 በመቶ ያህሉ የሚበቃውን ያህል አይንቀሳቀሱም ነበር። መንገድ ላይ መሮጥ ለብዙ ሰው ይቻላል፤ ጡንቻ ማጠንከር ግን ብዙውን ሰው ወደ ስፖርት ቤት ይመራል። የሚመጣው ሰው እንግዲህ ጎረምሳ ብቻ አይሆንም፤ ስኳር ያለበት፣ ወገቡን ያመመው፣ ጡረታ የወጣ፣ ከወሊድ በኋላ ራሷን ልትጠግን የመጣችም ይገኙበታል። እነዚህ ሰዎች ከቤቱ የሚወጡት ብረቱ ከብዷቸው አይደለም። ዓይን ከብዷቸው ነው። ሴት ልጅ ስትሠራ ማፍጠጥ፣ ሳትጠይቅ ቀርቦ «እንደዚህ አይሠራም» ብሎ እጅ መያዝ፣ ወጣቱ ምክር ነው ይበለው እንጂ ለእሷ በሩን መዝጋት ነው። አሠራሯ በእውነት የሚጎዳት ከሆነ ለአሰልጣኙ መንገር ይበቃል፤ ሥራውም የእሱ ነው።

ስልክም እንዲሁ። ራሱን ቀርጾ ለቲክቶክ የሚያቀርብ ወጣት በመስታወቱ ውስጥ ከኋላው ያሉትንም ይቀርጻል። «የራሴን ነው የምቀርጸው» የሚለው መልስ አያድነውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 27 የሰውን ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። ካሜራ ያለው ስልክ ባልነበረበት ዘመን የተጻፈው ቃል ዛሬም ይሠራል። መቅረጽ የሚፈልግ ሰው መስታወቱን ሳይሆን ግድግዳውን ከኋላው ያድርግ፤ ሰው ካለም አስቀድሞ ይጠይቅ።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣ ነው፤ እኔ ከሁሉ የማከብረውም እሱን ነው። «የእኛ ሰው ችግሩ ብልግና አይደለም፣ ይሉኝታ ነው፤ ጨዋ ሁኑ እያላችሁ ይሉኝታውን አታባብሱበት» ይላል። እውነት አለው። አግዳሚው እንዲለቀቅ ሦስት ጊዜ ዞሮ አይቶ፣ ሳይጠይቅ ቤቱ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። ከዚህ የከፋውም አለ፤ አግዳሚ ላይ ተንጋሎ ከባድ ብረት ከደረቱ በላይ የሚገፋ ሰው ከራስጌው የሚቆምለት ሰው ያስፈልገዋል። ክንዱ ሲዝል ብረቱ ደረቱ ወይም አንገቱ ላይ ያርፋልና፤ ይህ የሰው ሕይወት አጥፍቷል። ሆኖም «ሰው ላስቸግር?» ብሎ ዝም የሚል አለ። ይሉኝታና ጨዋነት ግን መንታ አይደሉም። ይሉኝታ የሚያስበው ስለ ራስ ስም ነው፦ ምን ይሉኛል? ጨዋነት የሚያስበው ስለ ሌላው ነው፦ ምን ያስፈልገዋል? ስለዚህ ጨዋ ሰው ይጠይቃል፤ ሲጠየቅም ይነሳል። ይሉኝታ የያዘውን ሰው ደግሞ እስኪጠይቅ አይጠብቀውም፤ ቆሞ ሲያይ ያየዋልና «እህቴ፣ ሁለት ዙር ነው የቀረኝ፣ ከፈለግሽ አብረን እንሥራ» ይላል። የመጀመሪያውን ቃል የመናገር ግዴታ ያለበት ቀድሞ የመጣው፣ ጠንካራውና ልምድ ያለው ነው። ቤቱን ለምዶታልና ቃሉ አይከብደውም።

የስፖርት ቤት ባለቤቶች፣ ከእናንተ የሚጠበቀው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አዲስ ሰው ሲመዘገብ ደረሰኝ ቆርጣችሁ ብቻ አትልቀቁት፤ ብረት እንዴት እንደሚወርድ፣ ተራ እንዴት እንደሚጠየቅ አሰልጣኙ በመጀመሪያው ቀን በእጁ ያሳየው። ጨርቅና የሚረጭ ማጽጃ መሣሪያው አጠገብ ይቀመጥ እንጂ ቢሮ ውስጥ አይቆለፍበት። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎችን የሚያሠለጥን ተቋም ነው፤ ከዚያ የሚወጡ ወጣት አሰልጣኞችም ከጡንቻ ስም ጋር ይህን ቢያስተምሩ ከተማዋ ትጠቀማለች። እናንተ ወጣቶች ግን ማንም ደንብ እስኪያወጣ መጠበቅ የለባችሁም። ዛሬ ማታ ሥራችሁን ስትጨርሱ፣ ዘንጉን ከዚህ አንድ ከዚያ አንድ እያላችሁ አራግፋችሁ፣ አግዳሚውን ጠርጋችሁ፣ በሩ አጠገብ ቆሞ የሚያየውን አዲስ ሰው «ና ግባ» ብላችሁት ውጡ።